አዳነችን የምታኖር ከተማ

ሐምሌ 1 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ሳምራ ጠዋት ከአዲስ አበባ ደወለች። ረቂቁን አንብባ ጨርሳለች። አሳታሚዬ ናት፤ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትንሽ ነው የቀራት፣ ቃል ግን አታባክንም።

«ጋሽ ኤርሳዶ፣ ሴትዮዋን አምኛታለሁ። ከተማዋን ግን አላመንኳትም» አለችኝ።

«አዲስ አበባን? ዕድሜዬን የጨረስኩባትን?»

«አዲስ አበባ ውስጥ አዳነችን ማን ይጠይቃታል? ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ እንኳ ስሟን አታውቅም። ታዲያ መጽሐፉ እስኪያልቅ ድረስ የምትፈራው ማንን ነው?»

ስልኩን ዘግቼ ስናደድ ቆየሁ። ከዚያ ሳቄ መጣ። ልክ ናት!

አዳነች የልቦለዴ ሴት ናት፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ። በእኛ አገር ገበሬው ማሰሮውን ከሸክላ ሠሪ ይገዛል፤ ሠሪውን ግን ማዕዱ ላይ አያስቀምጥም፣ ልጁንም አይድርለትም። ሕግ ከልክሎታል፣ በየስብከቱ ይወገዛል፤ የጋብቻ ሽማግሌ ግን አሁንም የማን ዘር እንደሆነ ይጠይቃል። አዳነች የተወለደችበትን ቤት ደብቃ ከተማ ትገባለች። እኔ በጋዜጣ ቤት ያረጀሁ ሰው ሴትዮዋን አጣርቼ ከተማዋን ሳላጣራ አለፍኩ። አዲስ አበባን የመረጥኩት ስለማውቃት ብቻ ነው።

«እስከ መስቀል ከተማ ይፈልጉላት» ብላኛለች።

እንደ ጀማሪ ሪፖርተር እግሬን ይበላኛል።

ሐምሌ 4፣ ቅዳሜ

ከተሞቹን አንድ በአንድ ፈተንኳቸው። ሀዋሳ፦ ብዙው ሰው መጤ ነው፤ መጤ መጤን አይመረምርም። ቤሌ፦ ትንሽ ናት። አዳነች ከአውቶቡስ ወርዳ ሻይ ሳታዝዝ የማን ልጅ እንደሆነች ይታወቃል፤ ታሪኩ በሁለተኛው ገጽ ያልቃል። ቦዲቲ፦ ገበያዋ ግሩም ነው፣ ግን የአዳነች እናት ማሰሮ ተሸክማ የምትመጣው እዚያው ገበያ ነው።

ሶዶ! ለመዋሸት ትሰፋለች፣ ለመያዝ ትጠባለች። አፍንጫዬ ሥር ነበረች። ጡረታ ወጥቼ ከተመለስኩ ወዲህ በየቀኑ የምረግጣት የትውልድ ከተማዬ!

ራት ላይ ለሚርያም ነገርኳት። ባለቤቴ በልቦለድ ብዙም አትደነቅም።

«ሶዶን ልትጽፍ?» አለች። «ሰው ራሱን ያገኛላ።»

«ያግኝ!»

«አንተም እኮ የምትኖረው ሶዶ ነው፣ የብሩክ አባት።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ብሩክታይት ሳቀች። ልጃችን ቦዲቲ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ለክረምቱ እረፍት እቤት ናት።

ሐምሌ 6፣ ሰኞ

በጥድፊያ። ዝናብ። ከአራዳ እስከ መናኸሪያ በእግር፣ ጫማዬ በስብሷል፣ ደስ ብሎኛል።

የሚከራይ ክፍል ጠየቅኩ። ለዘመዴ ነው አልኩ። አከራይዋ ስለ ኪራዩ ሳታነሳ፣ «ከየት ነው የመጣችው?»

«ከሃላሌ።»

«ሃላሌ የማን ልጅ? የባለቤቴ እናት የዚያው ሰው ናት፤ እጠይቃታለሁ።»

ልቤ ደነገጠ። ላልተወለደች ሴት!

ቤተክርስቲያን ደግሞ ከነበረችበት አጥቢያ መሸኛ ደብዳቤ ይጠይቃታል። እድሩ የሚያውቃት ሰው ይፈልጋል። አዲስ አበባ በእነዚህ በሮች ሳታልፍ መኖር ትችላለች። እዚህ አትችልም። ፍርሃቷ ሥራ አገኘ።

ሐምሌ 11፣ ቅዳሜ

ገብረማርያም ቤት ዋልኩ። ጎረቤቴ ነው፣ አራዳ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። በወጣትነቱ ከመንዝ መጥቶ እዚሁ ወልዶ ከብዷል፤ ልጆቹ ወላይትኛውን ከእኔ ልጅ አሳምረው ይናገሩታል። ሰዉ ግን እስከ ዛሬ «የመንዙ» ነው የሚለው። ለመጽሐፉ መሆኑን ነግሬ፣ መጤነት እንዴት ነው አልኩት።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለኝ። «ወንድማማቾች መሬት ላይ ሲጣሉ፣ የመንዙ ይፍረድ ይላሉ፤ ወገን የለውማ። ሰርግ ሲደርስ ደግሞ፣ የመንዙን እንዳትረሱት ይባባላሉ። አቶ ኤርሳዶ፣ አንተን እንዳትረሱት ብሎ ያሳሰበ ሰው አለ?»

«የለም።»

«በቃ፣ ጨረስን።»

ይህን ንግግር እንዳለ ለአዳነች ጎረቤት ሰጠሁት። የማርያምወርቅ፣ ባለቤቱ፣ ድንች በሥጋ ሠርታ አቀረበችልን። እየበላሁ ጻፍኩ፤ ወረቀቴን ወጥ ነካው። ድንቅ ቀን ነበር።

ሐምሌ 16፣ ሐሙስ

ብሩክታይት ነገር አላት። ቃለሕይወት የሚባል የኬሚስትሪ መምህር ነው፣ አብሯት ቦዲቲ የሚያስተምር። ለክረምት ትምህርት ሀዋሳ ከመሄዱ በፊት እኛ ቤት መጥቶ ነበር። ስለ አዳነች ያላወራሁት እንግዳ የለም፤ ሁሉም መጨረሻውን ነው የሚጠይቁኝ። ይህ ልጅ ብቻ፣ «ብቻዋን ስትሆን ምን ታበስላለች?» አለኝ። ወድጄዋለሁ። ጥያቄውን ምዕራፍ ሁለት ላይ ተጠቅሜበታለሁ።

አባቱ ባዳቾ የሚባል ቦዲቲ የሚኖር አናጢ ነው። ቤተሰቡ ከሃላሌ በኩል የመጣ ነው አሉ። ሽማግሌ በነሐሴ አጋማሽ ይልካሉ።

ጩማ ሲሰማ ተደሰተ። የአጎቴ ልጅና የቤታችን ታላቅ ነው። «መልካም። የማን ዘር እንደሆነ ላጣራ» አለ። አጣራ አልኩት። ማጣራት የእኔም እንጀራ ነበር።

ሐምሌ 24፣ ዓርብ

እንደ አዲስ ከምጽፈው ሁለት ምዕራፍ አለቀ! ዳሞት ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ውስጥ ነው፤ አዳነች መስኮቷን ከፍታ ስታጣው ትንሽ ትረጋጋለች፤ ከጉሙ ወዲያ ያለው አገሯ ስለማይታያት። ይህን አዲስ አበባ ተቀምጬ ልጽፈው አልችልም ነበር። ምዕራፍ አራት ላይ የሚወዳት ሰው አባት የማን ልጅ እንደሆነች ይሰማል። እዚያ ለመድረስ ቸኩያለሁ።

ነሐሴ 3፣ እሑድ

ጩማ ከቤተክርስቲያን ወደ እኛ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም።

«ወንድሜ፣ የዚያ ልጅ አያት ቦዲቲ ገበያ ምን ትሸጥ ነበር?»

«ምን?»

«ማሰሮ። በእጇ የሠራችውን። ጭናሻ ናቸው።»

ጭናሻ ማለት ከሸክላ ሠሪ ዘር የተወለደ ማለት ነው። ጩማ ቃሉን በሹክሹክታ ነው ያወጣው፤ በሩ ግን ዝግ ነበር።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ከሦስት ሰው ሰማሁ።»

ሦስት ምንጭ። ጋዜጣ ቤትም ቢሆን ያልፍ ነበር።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለ ጩማ። «አብረናቸው እንዘምራለን፣ አብረን እንጸልያለን። መዘመር ሌላ፣ መዳር ሌላ። ለጊፋታ አብረውን በሬ የሚያርዱት ምን ይሉናል?» ጊፋታ አዲስ ዓመታችን ነው፤ ያለ ዘመድ አይበላም።

እኔ ምን እንዳልኩት በትክክል አላስታውስም። ላስብበት ያልኩ ይመስለኛል። ሚርያም ጓዳው በር ላይ ቆማ ሰምታለች፤ ምንም አላለችም።

ሹክሹክታው ለምዕራፍ አራት ግሩም ነው። በተዘጋ በር ውስጥ እንኳ ድምፅ ዝቅ ይላል። ተቀምጬ ብፈጥር አላገኘውም ነበር።

ነሐሴ 4፣ ሰኞ

እንቅልፍ አልነበረኝም። ምዕራፍ አራት ነው። አባትየው ሲሰማ ምን ይላል? ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ሰረዝኩ። አንዱ ላይ ቅዱስ ሆነብኝ፣ አንዱ ላይ አውሬ። ሦስተኛው ላይ ላስብበት አለ። ይህኛው ደካማ ስለሆነ ነው የሰረዝኩት።

ነሐሴ 6፣ ረቡዕ

ምሳ ላይ ብሩክታይት፣ «አባ፣ ምዕራፍ አራት ላይ አባትየው ምን ይላል?» አለችኝ።

«ገና አልወሰንኩም።»

«ምን ቢል ደስ ይልሃል?»

«ደስታ ሳይሆን እውነት የሚመስለውን ነው የምፈልገው። ጥሩ ሰው ነው እንበል። ጥሩ ሰው ሆኖ፣ ሶዶ ውስጥ፣ ምን ይላል?»

«ጥሩ ሰው ነው እንበል» አለች ቃሌን ደግማ። ከዚያ፣ «አጎቴ ጩማ የነገረህን እኔ ከቃለሕይወት ከራሱ ነው የሰማሁት፣ ገና ስንተዋወቅ። የደበቀኝ ነገር የለም። እናንተ እስክትጠይቁ ነበር የምጠብቀው።»

ሳህኗን አንስታ ሄደች። ሚርያም እኔን እያየች መብላቷን ቀጠለች።

ስለዚህ የደበቀ የለም። መጽሐፌ ውስጥ ግን ሁሉ ነገር የተመሠረተው በመደበቅ ላይ ነው። ጠቃሚ ነጥብ ነው፤ ላስብበት ይገባል።

ነሐሴ 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ ቦዲቲ ሄጄ ተመለስኩ። ከመነሳቴ በፊት ከሚርያም ጋር ይህን ተባባልን፦

«የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ሳይላክለት ወደ ወንዱ ቤት ይሄዳል እንዴ?»

«እንደ አባት አይደለም የምሄደው። እንደ ጸሐፊ ነው።»

«ታዲያ ለሁለት ሰው ወንበር ያዛ።»

የባዳቾ የእንጨት ሥራ ቤት ከመንገዱ ዳር ነው፣ መኖሪያው ከጀርባ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ፀጉሩ መጋዝ ባቦነነው ዱቄት ነጥቷል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው መላጊያውን ጥሎ ተነሳ።

«ኤርሳዶ! ጋዜጠኛው! እናንተ፣ ኑ እንግዳ መጥቷል!» አንተ እያለ ነው የሚያናግረኝ፣ እንደ ዘመድ።

ስለ መጽሐፉ ነገርኩት፣ ከዚያ ጠየቅኩት። ምንም አልሸሸገኝም። እናቱ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች፤ በጣም አርጅታለች፣ ጣቶቿ ግን እስካሁን የሆነ ነገር እንደሚያድቦለቡሉ ናቸው።

«ይህቺ» አለ ወደ እሷ እያሳየኝ፣ «ከሃላሌ በኩል በእግሯ ነው የመጣችው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ውሃ ጠማት፣ አንድ ደጃፍ ላይ ለመነች። ሰጧት። የሰጧት በምን ይመስልሃል? ራሷ በሠራችው ማሰሮ፣ ከራሷ በገዙት። ስትጨርስ ተቀብለው እፊቷ ሰበሩት።»

«ምን አለች?»

«ምን ትላለች! በሚቀጥለው ገበያ ሌላ ሸጠችላቸው። ጥሩ ደንበኞች ነበሩ ትላለች እስከ ዛሬ።»

አሮጊቷ ያለ ድምፅ ሳቀች። እኔ አንድም ቃል ሳላስመልጥ ጻፍኩ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር ተቀብዬ አላውቅም። «ጻፍ፣ ጻፍ» ይለኛል ባዳቾ፣ «ልጄ ጥሩ ሰው ነው ያለኝ እውነቱን ነው።»

ባለቤቱ ሙቿ ይዛ ገባች፤ ከቡላ የሚሠራ የክብር ምግባችን ነው። ቅቤው መሃሉ ላይ ተጠራቅሞ ነበር። ለምን ያህል ጊዜ ስትሠራው እንደነበር እንጃ። እኔም በሥራ ዘመኔ ሁሉ የምለውን አልኩ፦

«አመሰግናለሁ፣ ሥራ ላይ ስሆን አልበላም።»

«ትንሽ ቅመስ እንጂ» አለ ባዳቾ።

«ደንቤ ነው።»

ሪፖርተር ከምንጩ ቤት አይበላም፤ ለጀማሪዎች ሁሉ ያስተማርኩት ነው። ምግቡ ተነሳ። አሮጊቷ በወላይትኛ አንድ ነገር አጉተመተመች፤ አልሰማኋትም። ባዳቾ እስከ ሚኒባሱ ሸኘኝ። በመንገዱ ላይ ብዙ አላወራም። ደክሞት ይሆናል።

የማሰሮው ታሪክ ምዕራፍ ሦስትን ይከፍታል። ደስታዬ ወሰን የለውም።

ነሐሴ 16፣ ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ ዛሬ ነበር የሚጠበቁት። ሚርያም ሳሎኑን አስተካክላ፣ እኔም ኮት ለብሼ ተቀመጥን። በሩን ከፍተን አመሸን። ማንም አልመጣም።

መንገዱ ጭቃ ነው። የቦዲቲ መኪና በዝናብ አይታመንም።

ነሐሴ 17፣ እሑድ

ብሩክታይት ከቃለሕይወት ጋር በስልክ ስታወራ ቆይታ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባ፣ ቤታቸው ሄደህ ነበር?»

«ለመጽሐፉ።»

«ምግባቸውን መለስክ?»

«የሥራ ደንብ ነው፣ ልጄ። ከምንጭ ቤት አይበላም።»

«ጋሽ ገብረማርያም ቤትስ?»

«እሱ ጎረቤት ነው።»

«እነሱስ ምን ሊሆኑህ ነበር?»

መልሴን ሳትጠብቅ በስልክ የሰማችውን ነገረችኝ። የቃለሕይወት አያት፣ «እንደ ድሮዎቹ ነው፣ ይኸኛው እስክሪብቶ መያዙ ብቻ» ብላለች። አባቱ ሽማግሌ አልልክም ብሏል። ልጁም በአባቱ ላይ ደፍሮ አይመጣም፤ እሷም እንዲደፍር አትፈልግም።

ደንቡ እውነት ነው። አብረውኝ የሠሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። እዚያ ቤት ስገባ ሌላ ምንም ነገር በሐሳቤ አልነበረም። ምግቡ ሲመጣ እጄ ለምን ፈጥኖ እንደተነሳ፣ እንደዚህ ወደ ላይ፣ አፌ ሳይናገር፣ እሱን አላውቅም። ሚርያምን ደንቡን እንደምታውቅ ጠየቅኳት። «አውቃለሁ» አለች። «አንተ ሲመችህ ነው የምታከብረው።» መብራቱን አጠፋችው።

ነሐሴ 21፣ ሐሙስ

ሳምራ ደወለች። የላክኩላትን ሦስት ምዕራፍ ቁጭ ብላ በአንዴ አንብባቸዋለች። «ሶዶ ናት! ጋሽ ኤርሳዶ፣ ሶዶ ናት! አራተኛውን ቶሎ ይላኩልኝ።» ለአፍታ ሁሉን ረስቼ እንደ ልጅ ዘለልኩ። ከዚያ ብሩክታይት በጓሮ ልብስ ስታሰጣ አየኋት፤ በዝናብ ነው የምታሰጣው።

ጩማም መጣ። ሽማግሌ መቅረቱን ሰምቷል። እፎይ ያለ ይመስላል።

«እግዜር ራሱ ፈታው። አንተም ይህን መጽሐፍ ወደ አዲስ አበባ መልሰው።»

«ከተማዋ ሶዶ ካልሆነች አይታመንም።»

«እሱ ነው እኮ የምልህ! የማይታመን ይሁን። ማን ተጎዳ?»

እስከ ዛሬ ካገኘኋቸው ሃያሲዎች ሁሉ ጉዳዩን የተረዳው እሱ ነው።

ጳጉሜን 2፣ ሰኞ

እንደገና ቦዲቲ። ያለ ወረቀት፣ ያለ እስክሪብቶ።

ባዳቾ ጠረጴዛ እየላገ ነበር። አላቆመም።

«እንደምን አደሩ» አለኝ። እርስዎ ሆኛለሁ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ምሳ አልበላሁም።»

«ዛሬ ምሳ የለም።»

ከጀርባ የጎመን ሽታ ይመጣል። ሁለታችንም ሸተተን።

«ልጆቹ ምንም አላጠፉም» አልኩት። «ሽማግሌ ላክብኝ። እቀበላለሁ። በሰው ፊት እቀበላለሁ።»

መላጊያውን አስቀመጠ። «አቶ ኤርሳዶ፣ ሽማግሌ የሚልከው ማነው?»

«የወንዱ ወገን።»

«የሚለምነው ማለት ነው። እኛ አንዴ ለምነናል። የለመንነውም በቤታችን፣ በገዛ ማዕዳችን ነው፣ ትንሽ ይቅመሱልን ብለን። ሁለተኛ አንለምንም። ልጁን ከፈለጉት እርስዎ ይላኩ።»

«የሴት አባት ሽማግሌ ሲልክ ታይቶ አይታወቅም።»

«የሴት አባት ሽማግሌ ሳይላክለት እዚህ ድረስ ሲመጣም አይታወቅም ነበር። እርስዎ ጀምረውታል፤ ይጨርሱት።»

መላጊያውን አነሳ። ልክ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ለብቻዬ ሳቅኩ፤ ረዳቱ ገላመጠኝ።

ጳጉሜን 4፣ ረቡዕ

ሦስት ሽማግሌ ፍለጋ ከተማውን አዳረስኩ።

ጦና፣ አብሮ አደጌ፦ «ወገቤን አሞኛል። መኪና ላይ አልችልም።» ሲናገር ኳስ ሜዳ ለመሄድ ጫማውን እያሰረ ነበር።

አሮን፣ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ፦ «እጸልይበታለሁ።» እስከ መቼ አላለኝም።

ኤርካሎ፣ ጨርቅ ነጋዴው፦ «ጋሼ፣ ሥርዓት አይፍረስ። ወንዱ ይላክ። ወንዱ ቢልክ ግን እኔ ቀድሜ እገኛለሁ!» ወንዱ እንደማይልክ ያውቃል፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ጩማ፦ «በመጽሐፍህ ዳራት። እዚያ አባትም ሽማግሌም አንተ ነህ።» ከዚያ ትከሻዬን ይዞ፣ እንደ መለማመጥ፣ «ጊፋታን ብቻህን ልትበላ ነው ወይ ወንድሜ?» አለኝ። እንደሚወደኝ አውቃለሁ። ክፉው ነገር እሱ ነው።

ማንም ምክንያቱን አልተናገረም፤ ሁሉም ግን ምክንያት ነበረው። የማውቃትን ከተማ በር በበር ዞርኩ፣ እንደ ልጇ ሳይሆን እንደ አዳነች። መደሰት የሌለብኝ ሰዓት ላይ ውስጤ የሚዘለው ነገር ምንድን ነው? አሳፋሪ ነው፣ ግን እውነት ነው፤ እያንዳንዱን በር በልቤ እጽፈው ነበር።

መጨረሻ ላይ ገብረማርያም ሱቅ ገባሁ። ሳልጨርስለት ጋቢውን ጠየቀ።

«እኔ ምን ይቀርብኛል? እንዳትረሱት የተባልኩ ሰው ነኝ። ሁለተኛው ማነው?»

«የለም።»

«ሦስተኛውስ?»

«አልኩህ እኮ።»

መስከረም 2 ቀን 2002፣ ቅዳሜ

ከገብረማርያም ጋር መናኸሪያ ደረስን። ሁለተኛው ሽማግሌ እኔ እሆናለሁ ብዬ ወስኜ ነበር፤ አባት የራሱ መልእክተኛ ሆኖ። የቦዲቲው ሚኒባስ ውስጥ ሚርያም ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጃንጥላዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ሦስተኛ አጥታችሁ የለ?»

«ሴት ሽማግሌ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተ ጻፈውና አያለሁ። ግባ፣ መኪናው ሊሞላ ነው።»

ለምን ከመጀመሪያው ዝም እንዳለችኝ ጠየቅኳት። «አንተ በራስህ እስክትመጣ ነው» አለች፣ በመስኮት እያየች። «ብገፋህ ኖሮ፣ ሚርያም ገፋችኝ ትል ነበር።»

ባዳቾ ደጅ ደረስን። ሽማግሌ ግቡ እስኪባል ደጅ ይቆማል። ቆምን። ዝናቡ ጀመረ፤ ሦስታችን በአንድ ጃንጥላ። ባዳቾ በመስኮት አይቶን ተመልሶ ገባ። ከውስጥ መላጊያው ሲፍቅ ይሰማናል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ምን እንደሚልግ እንጃ።

«መንዝ ቢሆን ይህን ጊዜ ጠላ ቀርቦልን ነበር» አለ ገብረማርያም።

«ዝም በል የመንዙ» አለችው ሚርያም። «እነሱ ከዚህ በላይ ቆመዋል።»

በመጨረሻ አሮጊቷ ወጣች። ዱላዋን ተደግፋ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆመች፤ እኛ ዝናቡ ውስጥ፣ እሷ ደረቁ ላይ።

«ማን ላካችሁ?»

ገብረማርያም ጉሮሮውን ጠረገ። ወላይትኛው ከመንዝ ዜማ ጋር ነው። «የብሩክታይት አባት አቶ ኤርሳዶ፣ ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብሎ ነው የላከን።»

«ያ ራሱ አይደለም እንዴ?» በዱላዋ አሳየችኝ።

«ራሱ ነው፣ እናቴ። ሰው አጣን» አልኩ።

«ሶዶ ሙሉ ሰው እያለ?»

«ሶዶን ሙሉ ጠየቅኩ።»

ዱላዋን መልሳ ተደገፈች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር፣ ያለ ድምፅ፣ እስኪያስላት። መላጊያው ቆመ። ባዳቾ በሩ ላይ ታየ፤ ከኋላው ቃለሕይወት አንገቱን አቀርቅሯል።

«ዛሬ አትገቡም» አለች አሮጊቷ። «ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀኑ አይገባም። ይህ ለንጉሥም ነው፣ ለእናንተም ነው። ከጊፋታ በኋላ ተመለሱ፣ ያን ጊዜ እናያለን።» ወደ ሚርያም ዞራ፣ «አንቺ ጠንካራ ነሽ» አለቻት። ወደ እኔ ስትዞር ሳቁ ፊቷ ላይ አልነበረም።

«አንተ ግን፣ ልጄ፣ ስትመጣ ምንም ሳትቀምስ ና።»

ወደ ሶዶ ስንመለስ ሚርያምና ገብረማርያም ሲሳሳቁ እኔ የአሮጊቷን የመጨረሻ ቃል በልቤ እደጋግም ነበር። እቤት ስንደርስ ብሩክታይት በር ላይ ነበረች፤ ሦስታችንም ከአናት እስከ እግር ረጥበናል። «ምን አሉ?» አለች።

«ተመለሱ አሉን» አላት ገብረማርያም።

ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። ተመለሱ የተባለ ሽማግሌ አልተባረረም። እናቷን ጃንጥላው እስኪወድቅ አቀፈቻት። እኔንም አየችኝ። አላቀፈችኝም፣ ግን ፎጣ ሰጠችኝ።

ምዕራፍ አራትን ጀምሬያለሁ። አባትየው ሰምቷል፣ ማለት ያለበትንም ሳይል መንገድ ወጥቷል። አሁን የአዳነች እናት ደጅ ላይ ቆሟል። ዝናብ ነው። ገና አላስገቡትም።